ሳይሰፋ እንዳትነጂ

«ቸርኬ» የሚለውን ስም ያወጣላት ጎረቤቷ ጎሚስታው ነው። ቸርኬ ጎማ የሚጠልቅበት ክብ ብረት ነው፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ክብ ብረት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሽቦ ስትወጥር ትውላለች። አንድ ቀን ጎሚስታው በበሩ አጮልቆ አየና «አቅፈሽ የምትውዪው እሱን ነው፣ ለምን በሱ አንጠራሽም?» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። አልከፋትም። «ባሌ ካወጣልኝ ስም ይሻላል» ትላለች። ባሏ ከሄደ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሲሄድ በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ሥራዋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋና ምድጃዋ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ በቀትር ሲግል ብቻውን ይንጫጫል። ከሞተር ሳይክል ሥራ ሁሉ የያዘችው አንዱን ብቻ ነው፤ ጎማን። ሞተሩ ታመመ ብሎ የመጣን ሰው ሌላ ቤት ሂድ ትለዋለች። የተጣመመ ጎማ ይዞ የመጣን ግን ዓይኗ እየበራ ትቀበለዋለች። ሽቦዎቹን በመፍቻዋ ጫፍ አንድ በአንድ ነካ ነካ እያደረገች ታዳምጣለች። የጠበቀው ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው ነው። «ይሄ ጠብቋል፣ ይሄ ላልቷል» እያለች ለራሷ ስታወራ የሰማ ደንበኛ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ በኋላ ይለምደዋል።

ሙያውን ከአባታቸው የተማሩት ሁለት ሆነው ነበር፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ። አባታቸው የእጅ ጋሪ ሠሪ ነበር። ልጅቱ የእጁን ልክ ወረሰች፤ ወንድ ልጁ ፍጥነቱን። ወንድሟ አንድ ነገር ሊያስር ከተነሳ ልኩን ቡሎን ሲፈልግ አይውልም፤ እጁ የገባውን አስሮ ይሄዳል። «አንተ እኮ ስትወለድም ቸኩለህ ነው» ትለው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሞትም ቸኮለ። ሰኞ አመመው፣ ቅዳሜ ቀበሩት።

ይነዳው የነበረው ሞተር ሳይክል ሚስቱ ቤት፣ ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ሸራ እንደለበሰ ቀረ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ጓሮውን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ነው፤ ቀና ባለች ቁጥር ሸራውን ታያለች፣ ታይና መልሳ ታቀረቅራለች። ስንት ሰው ሽጪልኝ ብሎ መጣ፤ አልሸጠችም። አልገለጠችውምም። ከቸርኬ ጋር ፀብ የላቸውም፣ ግን ሁለቱም ስለዚያ ሞተር ላለማውራት ሲሉ ስለ ሌላውም ነገር ብዙ ሳያወሩ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ዝምታውን የሰበረችው የሟቹ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ነርስ ሆናለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ከመንደር መንደር እየዞሩ ሕፃናት መከተብ ነው። የተመደበችበት ቦታ አሸዋማ ነው። ሥራው ሰኞ ይጀመራል፤ መኪና የለም፣ ሞተር ይዞ ያልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል ተብላለች። መንዳቱን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ተምራ ፈቃድ አውጥታለች። ረቡዕ ዕለት አክስቷ ሱቅ መጥታ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና፣ የአባዬን ሞተር ጎማ በሰፊ ቀይሪልኝ፣ አሸዋው ላይ ቀጭን ጎማ እንደ ቢላ ገብቶ ነው የሚቀረው አለቻት። ቸርኬ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ እናትሽስ?

እናትየዋ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። ልጅቷ ለመነች፣ አኮረፈች፣ እንደገና ለመነች። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ተናገረች።

«ጎማውን ቀይሩ። ያሰባችሁትን ሥሩ። ግን እኔ መጥቼ እስካየው ድረስ ማንም እንዳይቀመጥበት። ልጄም ብትሆን። እርስዎም ቢሆኑ፣ እትዬ።»

ቸርኬ ቃል ገባች። የፈራችው ግን ቃሏን ማፍረስ ብቻ አይደለም። ይህች ሴት የዚያን ሞተር ባለቤት አጥታለች፤ ያለቻት ይቺው ልጅ ናት። ጎማው ከቸርኬ እጅ ወጥቶ መንገድ ላይ ቢከዳት፣ ልጅቷን የገደለው አሸዋ ነው የሚል አይኖርም። አክስቷ ናት ይባላል። ደግሞም እውነት ይሆናል።

ሐሙስ ጠዋት ሸራውን ገለጡት። አቧራውን ጠርገው፣ የሞቱትን ጎማዎች በፓምፕ እንደምንም ነፍተው ወደ ሱቁ መግፋት ጀመሩ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ርቀቱም ከአንድ ፌርማታ አይበልጥም። ሞተሩ ግን እንቢ አለ። ፍሬኑ የያዘ መስሏት ቸርኬ ቆማ አየችው፣ አልያዘም። ጎማው ይዞራል፣ ካቴናውም ይዞራል። የሚከብደው እንደ ዛገ ነገር አይደለም፤ ሰው እንደጫነ ነገር ነው የሚከብደው። ወገባቸው እስኪቆረጥ ገፍተው ሱቁ በር ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ጎሚስታው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ማንን ጭናችሁ ነው እንዲህ የምታምጡት?» አለ።

ልጅቷ ሳቀች። ቸርኬ ግን ሳታስበው ዞራ ኮርቻውን አየችው፤ አይታም ራሷን ተሳደበች። ዘጠኝ ዓመት የቆመ ብረት ቅባቱ ይደርቃል፣ ይኸው ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው።

ሥራው ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። የድሮው የኋላ ጎማ ስፋቱ ሦስት ጣት አይሞላም፤ ልጅቷ ያመጣችው ጥርሳም ጎማ አምስት ጣት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሰፊ ጎማ ደግሞ ሰፊ ቸርኬ ይፈልጋል። ቸርኬ ከአንድ ትልቅ ሞተር የተፈታ ጥንድ ክብ ብረት አስቀምጣ ነበር፤ የወንድሟን የፍሬን ከበሮ መሀል አድርጋ፣ አዲሱን ክብ በዙሪያው፣ ሠላሳ ስድስቱን ሽቦ አንድ በአንድ ሰካች። የፊተኛው ቀላል ነበር፣ አርብ ጠዋት አለቀ። የኋለኛው ግን ልክ ሲገባ ጎማው ካቴናውን ላሰው። አወጣችው። የቀኙን ሽቦ እያጠበቀች፣ የግራውን እያላላች፣ ክቡን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ሳበችው። ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ ደግሞ ከስሩ ቀለበት አስገብታ ወደ ውጭ ገፋችው። እንደገና አስገባችው፤ አሁን በካቴናውና በጎማው መሀል የብዕር ውፍረት ያህል ተረፈ።

ከላይ ግን ጭቃ የሚከልለው ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎው፣ ለረጅሙ ጎማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ለማድረግ መጀመሪያ ኮርቻው መነሳት ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልጅቷ ኮርቻውን ስታነሳ፣ ከስሩ ካለው የመፍቻ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር ኪሊሊ ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ዘጠኝ ዓመት የጠፋው የሞተሩ ቁልፍ ነው። ቀለበቱ ላይ ከብስኩት ካርቶን የተቀደደ ቁራጭ በሲባጎ ታስሯል። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ተጽፏል።

ጽሕፈቱ የወንድሟ ነው። ያቺ ወደ ጎን የምትወድቅ፣ የምትሮጥ ጽሕፈት፣ ሌላ የማንም ልትሆን አትችልም። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው።

«የኋላው ጎማ ሳይሰፋ እንዳትነጂ።»

ልጅቷ ካርቶኑን እንደያዘች ባለ አምስት ጣቱን ጎማ አየችው፣ ከዚያ አክስቷን አየቻት።

«አክስቴ፣ አባዬ ያውቅ ነበር» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ፊቷ ግን ፈገግ ብሏል። ሥራዋን፣ አሸዋውን፣ ሁሉን አስቀድሞ አይቶ የፈቀደላት መሰላት። ካርቶኑን ሳመችው።

ቸርኬ ግን ካርቶኑን ሰርቃ ደግማ አነበበችው። «እንዳትነጂ» የተባለችው ማናት? ወንድሟ በሕይወት ሳለ ይህን ሞተር የነካች ሴት አልነበረችም። ልጅቷ ያኔ እግሯ መርገጫው ላይ አይደርስም። እሷ ራሷ ትጠግናለች እንጂ አትነዳም፤ በሁለት ጎማ ላይ ቆማ መሄድ እስከ ዛሬ ያስፈራታል። ሚስቱ ከስፌት መኪና በቀር መኪና አታውቅም። ደግሞስ በዚያ ዘመን ለዚህ ሞተር ሰፊ ጎማ ያሰበ ማን ነበረ? ወሬው የዛሬ ነው፤ ጽሕፈቱ የዘጠኝ ዓመት። እርሳሱ እንኳ ብዙም አልደበዘዘም ነበር።

«አስቀምጪው፣ ለእናትሽ ታሳዪያታለሽ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መፍቻው ግን ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ።

ፓራፋንጎውን ከፍ አድርጋ ስታስር፣ ወንድሟ የኋላ መብራቱን ፓራፋንጎው ላይ ያሰረበትን ረጅም ቡሎን አየችው። ጫፉ ከሚገባው በላይ ወደ ጎማው ወጥቷል። ጣቷን በመሀሉ ሰደደች፤ ጎማው በማቆሚያው ላይ እንደተንጠለጠለ አንድ ጣት ተኩል ክፍተት አለ። የሌላ ሰው ሞተር ቢሆን ፈትታ ታሳጥረው ነበር። የወንድሟ እጅ ያጠበቀው ስለሆነ ግን መፍቻ ልታሳርፍበት አልቻለችም። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሰፊ ጎማ ስትገጥም ሳታስሞክር አትለቅም፤ ጎሚስታውን ከነሆዱ ጠርታ ኮርቻው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሞላው በክብደት ሲጨመቅ ጎማው የት እንደሚደርስ ታያለች። «ሆዴ የሚከበረው እዚህ ቤት ነው» ይላል እሱ። አሁን ግን ማንም እንዳይቀመጥ ቃል ገብታለች። እንዲያውም ከካርቶኑ በኋላ፣ ተቀመጪበት ቢሏትም የምትቀመጥ አትመስልም።

እኩለ ቀን ላይ ልጅቷ ለመንገዷ ዕቃ ልትገዛ ወጣች። መብራት ጠፍቶ የጎሚስታው ንፋስ መሙያ ዝም ብሏል። መንገዱ ላይ ጥላ የለም፣ ሰውም የለም፤ ፀሐይዋ ነጭ ሆና ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ቸርኬ ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዳ፣ መሪውን ይዛ ብቻዋን ወደ ደጅ ገፋችው። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ቅባት፤ በአንድ እጅ መሄድ ነበረበት። ከበዳት። ሦስት እርምጃ እንደሄደች ሰማችው።

ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

ቆመች። ድምፁም ቆመ። ገፋች። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። ከኋላ ነው፣ ከኮርቻው ስር። የጎማው ጥርሶች ብረት ሲነኩ የሚሰጡት ድምፅ ነው፤ ጆሮዋ በዚህ አይሳሳትም። መሪውን እንደያዘች አንገቷን አጠፍ አድርጋ አየች። ብረትና ጎማ በመሀላቸው ፀሐይ ያሳልፋሉ። ምንም ምንንም አልነካም። እንዲያ ሊነካ የሚችለው ሞላው ተጨምቆ፣ ኮርቻው ላይ ክብደት ሲኖር ብቻ ነው። ኮርቻው ላይ ደግሞ ማንም የለም።

ጎሚስታውን ጠራችው። እሱ ሲገፋ ሞተሩ እንደ ላባ ሄደ፣ ድምፅም የለም። ልጅቷ ስትመለስ እሷም ገፋች፤ ዝም። ቸርኬ የጎማውን ጥርሶች ዙሪያውን በነጭ ጠመኔ ቀብታ ደግማ አስገፋቻቸው፤ የሚነካ ነገር ካለ ጠመኔውን ይጠርገዋል። ጠመኔው እንዳለ ነው። ጎሚስታው ጆሮዋን እያየ፣ ዛሬ ፀሐይ ላይ ባርኔጣ ሳታደርጊ ነው የዋልሽው አላት። እሷም እሺ አለችው። ሌላ ምን ትበል? ነገሩን ዋጥ አድርጋ ሞተሩን ወደ ውስጥ አስገባች፤ ብቻዋን ግን አልገፋችውም፣ ልጅቷን ያዢልኝ አለቻት።

እሁድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መጣች። የተኮሰችውን ቀሚስ ለብሳ፣ እጇ ላይ ምንም ሳትይዝ፣ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ በሩ ላይ ቆመች። ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ አየችው። ጎማዎቹን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም። ልጅቷ መጠበቅ አቅቷት ቁልፉን ከነካርቶኑ አወጣችና፣ እማዬ ይኸው አባዬ ራሱ ጽፏል፣ ጎማው ሰፊ ካልሆነ እንዳትነጂ ብሎኛል አለቻት። ከቃሉ ቃል ሳትጥል አነበበችላት።

እናትየዋ ካርቶኑን ወሰደች። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ ብዙ አየችው።

«ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያነበበላችሁ?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ።»

«አላልተሽ ነው ያነበብሽው። ጠብቆ ነው የሚነበበው።» ከዚያ ራሷ አነበበችው፤ «ሳይሰፋ» የሚለው ጋ ስትደርስ «ሰ»ንም «ፋ»ንም ጠበቅ አድርጋ፣ አንድ ቀሚስ ሳይሰፋ ቀረ እንደሚባለው። «መርፌና ክር ነው የሚለው። ስፋት አይደለም። የተቀደደው ጎማ ሳይሰፋ እንዳትነጂ ነው ያለው። ደግሞ ላንቺ አይደለም የጻፈው። ለኔ ነው።»

ቸርኬ ባልዲው ላይ ቁጭ አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቆማ ነው የነገረቻቸው፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሆኖ። ባሏ በመጨረሻዎቹ ወራት እሁድ እሁድ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ሜዳ እየወሰደ መንዳት ያስተምራት ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ ሰው እንዳይስቅባት ብላ እሷ ናት አደራ ያለችው። ጠንከር ስትል እህቱን ለማስደነቅ በድንገት ነድታ መጥታ ሱቁ በር ላይ ልታቆም አስበው ነበር። የመጨረሻው እሁድ ላይ ሁለት ሆነው ሲሄዱ ጎማ ሸተታቸው፤ ወርደው ሲያዩ የኋላው ትከሻው ላይ ተቀዷል። አውራ መርፌና ወፍራም ክር ካንቺ፣ ጉልበት ከኔ፣ በሳምንቱ እንሰፋዋለን አላት። በሳምንቱ አልነበረም።

«ትዕግሥት የለሽም፣ እኔ ከቤት ስወጣ ትነጂዋለሽ ይለኝ ነበር» አለች። «ቁልፉን ወዴት እንደሸሸገው አላውቅም ነበር። አልፈለግሁትምም።»

ልጅቷ ካርቶኑን አጥብቃ ስማው እንደነበር ትዝ ብሏት ይሁን ምን፣ አፏን በእጇ ሸፈነች። አባቷ ለሷ የላከላት ፈቃድ ከእጇ ላይ ጠፋ። ከቸርኬ አእምሮ ግን ሌላ ነገር ነው ብድግ ያለው። ተነስታ ደጅ ካለው የአሮጌ ጎማ ክምር ሐሙስ የጣለችውን የኋላ ጎማ ጎትታ አመጣችው። ሲያወልቁት ግራ ትከሻው ላይ ስንጥቅ አይታ ነበር፤ ፀሐይ የበላው ነው ብላ ጣለችው። አሁን በጣቷ ከፍታ አየችው። ፀሐይ የሰነጠቀው ጎማ እንደ ደረቅ መሬት ይፈረካከሳል። ይህ ግን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ዳር ዳሩ የተፋቀ። አንድ ነገር ነው የቆረጠው።

«ሁለት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ሳለ ነው የተቀደደው?»

«ሁለት ሆነን።»

«ብቻውን ሲነዳስ?»

«ብቻውንማ ስንት ዓመት ነዳው፤ ምንም አልሆነ።»

ቸርኬ ጠመኔዋን አነሳች። ጥርሶቹን እንደ ትናንቱ ነጭ ቀባችና እናትና ልጁን ዞር ብላ አየቻቸው። ተቀመጡበት አለች፣ ሁለታችሁም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ አሁን አንቺ መጥተሽ አይተሻል። ልብስ ሰፊዋ ለአንድ አፍታ እጇን ኮርቻው ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችበት። ልጅቷ ከኋላዋ ተቀመጠች። ሞላው ጭምቅ አለ። ቸርኬና ጎሚስታው ከግራና ከቀኝ ይዘው ገፏቸው።

ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

አሥር እርምጃ ሄደው አቆሙ። በነጩ ጠመኔ መሀል፣ ግራው በኩል፣ ጥቁር መስመር ዙሪያውን ተሰምሯል። ከጥርሶቹ ሁለቱ ጫፋቸው ተላጧል። ከላይ፣ ልክ በመስመሩ ትይዩ፣ ወንድሟ ያሰረው ረጅሙ ቡሎን ነው።

«የክትባቱ ሳጥን ስንት ኪሎ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ፣ ከነበረዶው የአንድ ትልቅ ሰው ያህላል አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አንዲት ነርስ፣ አንድ ሰው የሚያህል ሳጥን፣ ጠባቡን ጎማ የቆረጠ ቡሎን፣ አሁን ደግሞ ሰፊና ረጅም ጎማ። ሰኞን አይሻገርም ነበር። ቸርኬ ሳታመነታ መፍቻውን የወንድሟ ቡሎን ላይ አስገባች። ግትር ብሎ ነበር፤ በስተመጨረሻ ጮሆ ለቀቀ። በምትኩ አጭር ቡሎን ወሰደች፣ ራሱን ወደ ጎማው፣ ጅራቱን ወደ ውጭ አድርጋ አሰረችው። የተላጡትን ጥርሶች በጣቷ ዳበሰች፤ ቆዳቸው ብቻ ነው፣ ውስጥ አልገባም። እንደገና ጠመኔ፤ አሁን ጎሚስታውም ተጨምሮ ሦስት ሰው ተቀመጠበት። ጎሚስታው በኔ ሆድ ያለፈ በምንም አይወድቅም አለ። ተገፋ። ዝም። ጠመኔው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

ቸርኬ ትናንት በቀትር የሰማችውን ደግማ ለማንም አላነሳችም። ምን ብላ ትናገራለች? ከገፉት ሁሉ ለሷ ብቻ፣ ያውም ብቻዋን ስትሆን፣ ባዶ ኮርቻ ሰው የተቀመጠበትን ያህል ተጨምቆ ያንኑ ቡሎን አስነካ ብላ? ሰው ያልነገራትን ብረት ነገራት ልትል? የልብስ ሰፊዋን ዓይን አየች፤ እሷም አንድ ነገር ልትጠይቅ ፈልጋ የተወች ትመስላለች። ሁለቱም ተዉት።

ነርሷ ሳጥኗን ለማሰር ገመድ ስታነሳ እናትየዋ ቁልፉን ከእጇ ወሰደችባት።

«ቆይ። መጀመሪያ እኔ።»

ልጅቷ ሳቅ መጣባት፣ ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ገመዱን አስቀመጠች። አርብ ዕለት መካኒክ አምጥታ ያስፈተሸችውን ሞተር ጎሚስታው በአራተኛው እርግጫ አስነሳው። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ቋጥራ ተቀመጠችና መሪውን ያዘች። ዘጠኝ ዓመት ባትነካውም እጇ ፍሪሲዮኑን፣ እግሯም ማርሹን አልሳቱም። ቀስ ብላ፣ እግሮቿን ዝቅ አድርጋ እየጎተተች፣ ከዚያ እያነሳች፣ መንገዱን ወረደች። ሰፊው ጎማ አቧራውን እንደ ዳቦ እየተጫነ ሄደ። ጥግ ላይ ስትጠመዘዝ ሰፈሩ በየበሩ ወጥቶ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ናት እንዴ ይባባላል። አልሳቁባትም።

ቸርኬ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር። ሴትየዋ ኮርቻው ላይ የተቀመጠችው ከፊት፣ ጉልበቷ ከነዳጁ ጋን እስኪላተም ድረስ ተስባ ነው። ከጀርባዋ ያለው ኮርቻ በሙሉ ባዶ ነው። ዞራ መጥታ ሱቁ በር ላይ ስታቆም፣ ሞተሩን አጥፍታ ስትወርድም፣ እግሯን በኋላ በኩል አላሻገረችም። ከፊት፣ በጋኑና በደረቷ መሀል፣ እንደምንም አጥፋ አወጣችው፤ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው እንዳትረግጥ የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር።

«ምነው ጠበበሽ?» አለቻት ቸርኬ። «ኮርቻው ያንቺው ነው፤ ምን አስጠጋሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ዞራ ኮርቻውን አየችው። ያላወቀችው ነገር ነበር።

«እንዲህ ነው የተማርኩት» አለች።

ከዚያ ቁልፉን ለልጇ ሰጠቻት። ካርቶኑን ከሲባጎው ፈትታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሳጥኑ ከኋላ ታሰረ፣ የቸርኬ የጎማ መለጠፊያና ፓምፕ ከጎን ተንጠለጠለ። ልጅቷ አክስቷን ሳመች፣ እናቷን ሳመች፣ ጎሚስታውን ጨበጠች፤ ስትደርስ ልትደውል ቃል ገባች። ስትወጣበት ከኋላዋ ለሌላ ሰው ቦታ አልተወችም፤ ኮርቻው መሀል ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችና ነዳጅ ሰጠች።